በትኋን የተገደለው ጀግና

ኩርት ሊንድግሬን ከኮምፒውተር ጋር ሲሆን ጣቱ የማያርፍ፣ ከሰው ጋር ሲሆን ምላሱ የሚታሰር ወጣት ነበር። ከማርሊስ ጋር ሲሆን ደግሞ ሁለቱም ይታሰሩበታል።

ያን ጊዜ እዚህ አሜሪካ፣ ሰሜን ዳኮታ፣ ዩኒቨርሲቲው የነበረው አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ተማሪው ሁሉ ምድር ቤት በተደረደሩት አረንጓዴ ስክሪኖች ይካፈለዋል። ኩርት የክፍሉ ተቆጣጣሪ ነበር፤ ወረቀት ይሞላል፣ የተበላሸውን ይጠግናል፣ የቀረውን ጊዜ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ ሰው ያያል። ተማሪው ሥራውን ሲጨርስ፣ እውነቱን ለመናገር ሳይጨርስም፣ «ጉድጓዱ» የሚሉትን ጨዋታ ይጫወታል። በነጥብና በፊደል ብቻ የተሳለ የምድር ውስጥ ዋሻ ነው። ፎቅ በፎቅ እየወረዱ ከአውሬ ጋር መታገል ነው ነገሩ። በጉድጓዱ የሞተ ሞተ ነው፤ ተመልሶ ከአንደኛው ፎቅ ይጀምራል።

ማርሊስን ያወቃት በጥቅምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። መስታወቱን አንኳኳች።

«ይቅርታ፣ ይቺ ኤክስ ምንድን ናት?»

«ትኋን ናት።»

«ገደለችኝ።»

ኩርት ሳያስበው ሳቀ። በመስመር ብቻ የምትሄደው ትኋን በጉድጓዱ ካሉት ፍጡሮች ሁሉ ምስኪኗ ናት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንጂ በሰያፍ መሄድ አትችልም። በሰያፍ የቆመ ሰው አጠገቧ ሆኖ እንኳ አይደረስበትም።

«በእሷ የሞተ ሰው አይቼ አላውቅም» አላት።

«ይኸው፣ አሁን አየህ።»

ዓርብ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ኩርት የሳምንቱን ሟቾች ዝርዝር አትሞ በሩ ላይ ይለጥፋል። በዚያ ሳምንት በዘንዶና በጠንቋይ ከተገደሉት መሀል «ማርሊስ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በትኋን ተገደለች» የሚል ወጣ። ዌንደል የሚባል ለአፉ ዳገት የሌለው ተማሪ ነበርና አንድ ወር ሙሉ «ትኋን መጣችብሽ» እያለ አበሸቃት። እሷም አልተወችም። በየቀኑ እየመጣች ትወርዳለች፣ በየቀኑ አራተኛው ፎቅ ላይ ትሞታለች።

የምትቀመጠው ከመስታወቱ በሰያፍ፣ ጥግ ላይ ነበር። ኩርት ሳንቲም ሲገባበት ከሚሸጠው ማሽን ቸኮሌት ይገዛና ምንም ሳይናገር ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል።

«ኩርት፣ አንተ ራስህ ቁርጥ ትኋኗን ነህ» አለችው አንድ ቀን። «አጠገቤ ሆነህ አትደርስብኝም።»

ጆሮው ቀላ። መልሱን በሦስተኛው ቀን አገኘው፤ ያን ጊዜ ግን ሰዓቱ አልፎ ነበር።

የካቲት ላይ አባቷ እርሻው ላይ ወደቁ። ግማሽ አካላቸው ከዳቸው።

«አባዬ ምላሱ ተያዘ» አለች ማርሊስ፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ሌላ ልጅ የለውም። ስልሳ ላም አለ። ላም ደግሞ ፈተና አለብኝ ቢሏት አይገባትም።»

«ትመለሻለሽ?»

«አይመስለኝም። ዓርብ አጎቴ መጥቶ ይወስደኛል።»

ኩርት አፉን ከፈተ። እወድሻለሁ ሊል ነበር፤ እምላለሁ፣ ቃሉ ጥርሱ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«መንገዱ በረዶ ነው» አላት።

«አውቃለሁ» አለች፤ ትንሽ ጠበቀችውና ሄደች።

ማታውን ሙሉ ራሱን ሲረግም ቆይቶ አንድ ዘዴ መጣለት። እንደ እሱ ላለ ሰው ካልሆነ ለማንም የማይመጣ ዘዴ ነው። በጉድጓዱ የሞተ ተጫዋች ሬሳውና ንብረቱ በሞተበት ፎቅ ይቀራል። አቧራው ላይ በጣቱ የጻፈውም ይቀራል፤ በኋላ መጀመሪያ በዚያ ያለፈ ተማሪ ያገኘዋል። ማርሊስ ደግሞ ከአራተኛው ፎቅ አታልፍም።

የኩርት ጀግና በአራት ወር ድካም ሃያ ሁለተኛው ፎቅ ደርሷል። እዚያ የደረሰ ሌላ ተማሪ አልነበረም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኩርት ጀግናውን ፎቅ በፎቅ ወደ ላይ አወጣው። አራተኛው ፎቅ ላይ «ማርሊስ፣ እወድሻለሁ። ኩርት» ብሎ አቧራው ላይ ጻፈ። የብረት ጥሩሩን አወለቀ፣ ሰይፉን ጣለ፣ ትኋኗን ፈልጎ አጠገቡ አመጣትና ቆመላት። መሞት ካልቀረ ማርሊስ በሞተችበት ልሙት ብሎ ነው።

ነገር ግን መሞትም አቃተው። ትኋኗ ትነክሳለች፣ የበረታ ጀግና ነውና ቁስሉ ወዲያው ይድናል። ትነክሳለች፣ ይድናል። ምግብ ከለከለው። ጀግናው ተራበ፣ ተንገዳገደ፣ በመጨረሻ ራሱን ሳተ። ትኋኗም ያለ ተቃዋሚ ሥራዋን ቀጠለች። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀባት። የአራት ወር ልፋቱ ሲጠፋ ኩርት ደስ አለው።

ሐሙስ ማርሊስ ለመጨረሻ ጊዜ መጣች። ኩርት ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ አያት። አንደኛውን ወረደች። ሁለተኛውን ወረደች። ሦስተኛው ላይ ከጣሪያ ድንጋይ ወደቀባትና ሞተች።

ስክሪኑን ትንሽ አየችው። ከዚያ ካፖርቷን ለበሰች።

«ደህና ሁን፣ ኩርት» አለች በመስታወቱ በኩል።

«ደህና ሁኚ።»

በሩ አሥር እርምጃ ነበር። አሥር እርምጃ ሄዶ ሊጠራት ይችል ነበር። እሱ ግን ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ደረጃውን ስትወጣ ጫማዋን ብቻ አየ።

ሩብ ሰዓት አልቆየም፣ ዌንደል ከወንበሩ ዘለለ። «የኩርት ሬሳ! ጎበዝ፣ የኩርትን ሰይፍ አገኘሁ!»

ኩርት ሮጦ ከኋላው ደረሰ። ትኋኗ ስትነክሰው በዋለችው ትግል ፊደሎቹ ግማሽ በግማሽ ተፍቀዋል።

«ምን ብለህ ነው የጻፍከው? አይነበብም እኮ» አለ ዌንደል፤ መልስም አልጠበቀ፣ በጀግናው እግር ጽሑፉን ረግጦ ሰይፉን አነሳ። የቀረውም ጠፋ።

ዓርብ እኩለ ቀን ዝርዝሩን አትሞ ለጠፈ፤ ሥራው ነውና የራሱንም ስም፣ «ኩርት፣ አራተኛ ፎቅ፣ በትኋን ተገደለ» የሚለውን፣ በገዛ እጁ ለጠፈ። ያየ ሁሉ ይስቃል። ማርሊስ የመሳቢያዋን ቁልፍ ልትመልስ ስትገባ በሩ ላይ ቆመች። ስታነብ ብዙ ቆየች። አልሳቀችም።

«ሃያ ሁለተኛ ፎቅ የደረሰ ሰው አራተኛው ላይ ምን ፈልጎ ነው?»

ኩርት እጁን ዘርግቶ ቁልፉን ተቀበላት።

«አራተኛው የእኔ መሞቻ ነው።»

«አዎ።»

«ትኋን አንተን ለመግደል ስንት ሰዓት ፈጀባት?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

ማርሊስ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ጽፈህልኝ ነበር፣ አይደል? እኔ ደግሞ ሳልደርስ ሞትኩ።»

ኩርት ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ምን ብለህ?»

ውጭ የአጎቷ መኪና ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋ። ማርሊስ ዝርዝሩን ከበሩ ላይ ነቅላ ከኋላው በእስክሪብቶ መጻፍ ጀመረች።

«ከዚህ ወደ ሰሜን ሠላሳ ማይል። የእህል ጎተራው ጋ ወደ ቀኝ ስምንት። ከዚያ ወደ ግራ ሁለት።» ወረቀቱን እጁ ላይ አስያዘችው። «በእኛ አገር ሰያፍ መንገድ የለም፣ ኩርት። ትኋንም ትደርሰዋለች።»

ቅዳሜ ጠዋት ዌንደልን መኪና ለመነው። ዌንደል ነገሩ ገብቶት ኖሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ አልቀለደም። «ሰይፍህን ወስጃለሁ፣ መኪናዬን ውሰድ» አለው።

መንገዱ እንዳለችው ቀጥ ያለ ነበር። የላሞቹ ቤት ወለል እንዳያንሸራትት ነጭ የኖራ ዱቄት ተነስንሶበታል። በሩ አጠገብ አባቷ ብርድ ልብስ ለብሰው በወንበር ተቀምጠዋል፤ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተስቧል። ኩርት ባርኔጣውን አውልቆ ሰላም ሊላቸው ፈለገ፣ ተንተባተበ። እሳቸውም ሊመልሱለት ፈለጉ፣ አቃታቸው። ሁለቱም እንዲያው ተያዩ።

«አትጨናነቅ» አለች ማርሊስ ከላሞቹ መሀል። «አባዬም ቃል ፍለጋ ላይ ነው።»

የጎማ ቦቲ ጫማ አድርጋለች፣ ፀጉሯ ላይ ገለባ አለ፣ ፊቷ የእንቅልፍ ያለህ ይላል። ትምህርቷ ቀርቷል፣ ስልሳው ላም አለ፣ አባቷ ይድኑ አይድኑ ማንም አያውቅም። ኩርት ይህን ሁሉ የሚያቃልልበት አንዳች ነገር ይዞ አልመጣም። ይዞ የመጣው ያንኑ ያልተባለውን ቃል ብቻ ነው።

ማርሊስ መጥረጊያውን ከግድግዳው አንስታ እንጨቱን ወደ እሱ ዘረጋች። ከዚያ በዓይኗ ነጩን ወለል አሳየችው።

ኩርት ጎንበስ ብሎ ያንኑ ቃል ኖራው ላይ ጻፈ። ፊደሎቹ ተጣመሙ። ገና ስሙን ሳይጨርስ አንዲት ጥቁርና ነጭ ላም ከቦታዋ ተነቅላ ቀጥ ብላ ወደ ጽሑፉ መጣች። «አቁሚያት» ሊል ወደ ማርሊስ ዞረ።

ማርሊስ ላሚቱን አላቆመቻትም። ቀና ብላ አየችው፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ትርገጠው» አለች። «አንብቤዋለሁ።»