ፀጉር አጣቢዋ ዝም ስትል

«ንገሪኝ! ምንድን ነው የሰማሽው?»

እትዬ ዳቦ ራሳቸውን ከማጠቢያው ገንዳ ቀና አደረጉ። የሻምፖው አረፋ በግንባራቸው ወርዶ ቅንድባቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ፀጉር አጣቢዋ ልጅ የውሃውን ጎማ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ምንም አልሰማሁም» አለች።

«ታዲያ ምን ዘጋሽ? ከተቀመጥኩ ጀምሮ አንዲት ቃል አልተነፈስሽም። ባለቤቴ ነው አይደል? መኪናው ምን ሆነ?»

«እኔ ባለቤትዎን አላውቃቸውም።»

እውነቷን ነው፣ አታውቃቸውም። ግን በዚያች ትንሽ ከተማ ትልቁ ዳቦ ቤት የእትዬ ዳቦ ነው። ባለቤታቸው የጭነት መኪና ሹፌር መሆናቸውን የማያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ «አላውቃቸውም» የሚለው መልስ ጭራሽ አስደነገጣቸው።

«አያችሁ? ደብቂ ተብላ ነው!» ብለው ብድግ አሉ።

ፎጣው ከትከሻቸው ወደቀ። ከነአረፋቸው በሩን በርግደው ወጡና መንገዱን አቋርጠው ወደ ዳቦ ቤታቸው ሮጡ፤ ስልካቸው እዚያ ነበር። ከኋላቸው ጫማ ጠጋኙ ሮጠ። ከጫማ ጠጋኙ ኋላ አንድ እግሩ ጫማ የሌለው ደንበኛው ሮጠ። ከዚያ የመናኸሪያው ሻንጣ ተሸካሚዎች ተከተሉ። ምን እንደተፈጠረ የሚያውቅ አልነበረም፤ ማዘን ግን ሁሉም አዝኗል።

ባልየው ስልኩን አነሱ። ራቅ ያለ ከተማ ምግብ ቤት ተቀምጠው ነበር። «አንቺ ሴት፣ ምሳዬን እንኳ አታስጨርሺኝም?» ሲሉ ድምፃቸው እስከ ውጭ ተሰማ። የተሰበሰበው ሰው ሳቀ፣ አመሰገነ፣ ከዚያም ስለ ራሱ ባልና ስለ ራሱ ልጅ እያወራ ተበተነ።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ግን የሳቀ አልነበረም። የቤቱ ባለቤት የልጅቷ አክስት ናት። አክስቷ ስትናደድ አትጮኽም፣ ያገኘችውን ነገር ታጣጥፋለች። የወደቀውን ፎጣ አንስታ አጠፈችው፤ የታጠፈውን ደግሞ እንደገና አጠፈችው።

«ስሚ» አለቻት። «እጅሽ ጥሩ ነው። ልስልስ ያለ ነው። የትምህርት ቤት እረፍቱ ሳያልቅ መቀስ አስይዝሻለሁ ያልኩሽም ለዚያ ነው። ከነገ ጀምሮ ግን ጓሮ ሆነሽ ፎጣ ታጥቢያለሽ።»

«እስከ መቼ?»

«አፍሽ እስኪፈታ።»

«መቀሱስ?»

«ሻምፖ ይዘሽ ዝም ብትይ ሴትዮዋ በበር ሮጡ። መቀስ ይዘሽ ዝም ብትይማ በመስኮት ነው የሚዘሉት!»

ይኼኔ ሹሩባ ሠሪዋ ከት ብላ ሳቀች። ይህችን ሹሩባ ሠሪ ሁሉም «ራዲዮ» ነው የሚላት። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣላት ግን አንድ ደቂቃ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ይገባዋል።

ልጅቷ መሳቅ አቃታት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትመኘው መቀስ ነው። የአሻንጉሊቶቿን ፀጉር ቆርጣ የጨረሰች፣ አሻንጉሊት ሲጠፋ የሶፋውን ዘርፍ የላጨች ልጅ ናት። እናቷ ለሥራ ሥልጠና ራቅ ወዳለ አገር ስትሄድ፣ «እረፍቱን የት ትሁን?» ሲባል፣ «አክስቴ ጋ!» ብላ የጮኸችው ለዚህ ነበር። አሁን መቀሱ በአንድ ዝምታ ከእጇ ሊያመልጥ ነው።

ጓሮው ውስጥ የፎጣ ክምር፣ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋና የልብስ ገመድ አለ። ልጅቷ ጉልበቷን አጥፋ ማሸት ጀመረች። ፎጣ ደግሞ ደግ ነው፣ ምንም አይጠይቅም።

ያደገችው ትልቅ ከተማ ውስጥ፣ ብዙ ፎቅ ያለው ሕንፃ ላይ ነው። ጎረቤታቸውን የምታውቀው በሳሉ ነው። ሊፍት ውስጥ ሰው ሲገባ ሁሉም ከበሩ በላይ ያለውን የፎቅ ቁጥር ያያል። አውቶቡስ ላይ እናቷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ታቅፈዋለች፣ ዓይኗን መስኮት ላይ ትጥላለች። ይህ ኩራት አይደለም። ሰው በበዛበት፣ ትከሻ ከትከሻ በሚጋጭበት ቦታ፣ ለሰው የምትሰጪው ትርፍ ቦታ አለማየትሽ ነው። ዝም ስትይው አከበርሽው ማለት ነው። ልጅቷም እትዬ ዳቦን ያከበረች መስሏት ነበር።

ራዲዮ ደረቅ ፎጣ ልትወስድ ወጣች። ፎጣ ብቻ ይዛ የምትመለስ ሰው ግን አይደለችም፣ ትንሽ ወሬ ሳታራግፍ አትገባም።

«ስሚኝ ከተሜዋ፣ እዚህ አገር ሰው ፊትሽ ዝም ካለ ክፉ ነገር ሰምቶልሻል ማለት ነው። ገባሽ? ስለዚህ ፈታ በይ! ጠይቂ! ከየት መጡ፣ ወዴት ይሄዳሉ፣ ስንት ልጅ አለዎት...»

«ስለማላውቀው ሰው ምን አገባኝ?»

«ይኸው! እዚህ አገር "ምን አገባኝ" የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ያገባዋል። መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል፣ ሲባል አልሰማሽም?»

«አንቺ እስካሁን መቼ ሊቅ ሆንሽ?» አለች አክስቷ ከውስጥ። «ፎጣውን አምጪ!»

ቅዳሜ ሰው ስለበዛ ልጅቷ ለአንድ ደንበኛ ተጠራች። ልብስ ሰፊዋ ነበሩ። ልጅቷ ትናንት ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ያጠናችውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው።

«ከየት መጡ? ወዴት ይሄዳሉ? ስንት ልጅ አለዎት? ዕድሜዎ ስንት ነው?»

ልብስ ሰፊዋ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ከቤቴ መጣሁ፣ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ዕድሜዬን ለምን ፈለግሽው? አንቺስ፣ ለምደሽልናል? እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አለች ልጅቷ። እዚያ ላይ ወሬው አለቀ።

ልብስ ሰፊዋ ሲወጡ ለአክስቷ፣ «ፀጉር ቤት ብዬ ፖሊስ ጣቢያ የገባሁ መሰለኝ» አሉ። አክስቷ እጇ ላይ ያለውን ማበጠሪያ ማጠፍ ስላልቻለች ፎጣ ፈልጋ አጠፈች። ልጅቷ ሳይነገራት ወደ ጓሮ ተመለሰች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው በር ላይ አንድ አውቶቡስ ተበላሸ። ተሳፋሪው ወርዶ በየጥላው ተበተነ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ፣ ፀጉሯ በአቧራ ግራጫ የሆነ ሴትዮ፣ ወደ ፀጉር ቤቱ ገባች።

«መታጠብ ብቻ ነው» አለች።

«ይግቡ ይግቡ! ይቀመጡ!» አለች ራዲዮ፣ እጇ የሰው ሹሩባ ውስጥ እንዳለ። «ከየት ነው የሚመጡት? መንገዱ እንዴት ነበር? ብቻዎን ነዎት?»

«ባለትዳር ናት፣ ቀለበቱን አላየሽም?» አለች ካስክ ሥር ተቀምጣ ፀጉሯን የምታደርቀው ወጣት። የካስኩ ጩኸት ስለሚያደነቁራት ከሁሉም በላይ የምትጮኸው እሷ ነበረች። «ባልሽ ምን ይሠራል?»

«ከስተሻል እንጂ! አልጋ ላይ ከርመሽ ነው?» አለች ሌላዋ።

ልጅቷ የታጠቡ ፎጣዎች ታቅፋ የጓሮው በር ላይ ቆማ ነበር። የሴትዮዋ ትከሻ ወደ ጆሮዋ ሲወጣ አየች። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች፣ በሁለት እጇ ታቀፈችው፣ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ጣለች። ልጅቷ ፎጣዎቹን ጥብቅ አድርጋ አቀፈች። ቁርጥ እናቷ!

ሴትዮዋ ብድግ አለች። «ይቅርታ፣ አውቶቡሱ ሳይሠራ አይቀርም። ሌላ ጊዜ...»

አውቶቡሱ ኮፈኑን ከፍቶ እንደቆመ ነው፣ ሹፌሩም ሥሩ ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል።

ልጅቷ ፎጣውን ወንበር ላይ ጣለች። «እኔ ላጥብልዎት?»

አክስቷ እጇ በፀጉር ቀለም ተነክሯል። ልጅቷን አየቻት፣ ሴትዮዋን አየቻት፣ በአገጯ ወደ ገንዳው አመለከተች።

ልጅቷ የውሃውን ሙቀት በእጇ አንጓ ለካች። «ሞቀብዎት?»

«ልክ ነው።»

ከዚያ ዝም አለች። ግን የአሁኑ ዝምታ አላስፈራትም። አቧራው ቡኒ ሆኖ ሲወርድ ታየዋለች። ጣቶቿን ከጆሮ ግንድ ጀምራ ወደ ማጅራት እያሸች ወሰደቻቸው። ቀስ በቀስ የሴትዮዋ እጅ ከቦርሳው ላይ ላላ፣ ትከሻዋም ወደ ቦታው ወረደ።

«አንቺ የዚህ አገር ልጅ አይደለሽም» አለች ሴትዮዋ ዓይኗን እንደጨፈነች።

«አይደለሁም። እንደ እርስዎ ከትልቁ ከተማ ነኝ።»

«በምን አወቅሽ?»

«በቦርሳዎ አያያዝ።»

ሴትዮዋ ሳቀች። ገንዳ ውስጥ ተኝቶ መሳቅ ስለሚያስቸግር አሳላት። ትንሽ ቆይታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ልጄን ላየው እየሄድኩ ነው» አለች። «ሥራ ከያዘ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። በስልክ ስንገናኝ የምንለው ይጠፋናል። "በላህ?" እለዋለሁ፣ "በላሁ" ይለኛል፣ አለቀ። ፊት ለፊት ስንገናኝ ምን እንደምለው አላውቅም። ፀጉሬን የምታጠበውም ጭንቅ ብሎኝ ነው።»

ልጅቷ ጣቷ ቆመ። ዝም ልትል ትችል ነበር። ያደገችበት ደንብ ዝም በይ ይላታል። ግን ሴትዮዋ አንድ ነገር ሰጥታታለች፤ ባዶ እጅ መቀበል ደግሞ ከበዳት።

«እናቴም ማታ ማታ ትደውላለች» አለች። «ሥልጠና ሄዳ ነው። "አጠናሽ?" ትለኛለች፣ "እረፍት ነው እኮ" እላታለሁ። ከዚያ ዝም እንባባላለን። ግን አንዘጋውም። እሷ ሻይ ስታማስል ማንኪያው ይሰማኛል። እኔም እዚህ ውሻ ሲጮህ አሰማታለሁ። እሷ ካልዘጋችው እኔ አልዘጋውም።»

«ማንኪያው ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል። ስኳር ስትቀንስ ሁሉ አውቃለሁ፣ ቶሎ ነው የምታቆመው።»

ሴትዮዋ እንደገና ሳቀች፣ የዚህን ጊዜ ሳያስላት። ልጅቷ ቀና ስትል ቤቱ ጭጭ ብሏል። ራዲዮ እጇ ሹሩባው ላይ ቆሟል። ካስክ ሥር የነበረችው ወጣት ካስኩን አጥፍታ ራሷን አውጥታለች።

ሴትዮዋ ታጥባ፣ ደርቃ፣ አውቶቡሱም ተጠግኖ ሄደች። በር ላይ ዞር ብላ ለሁሉም እጇን አውለበለበች። ያኔ ነው ራዲዮ የፈነዳችው።

«እናትሽ እውነት ሥልጠና ላይ ናት እንዴ?»

«አዎ። ምን መሰለሽ?»

«አክስትሽማ ነግራናለች። ግን አንቺ ስለ እናትሽ ትንፍሽ ስለማትይ መሸፈኛ መስሎን ነው እንጂ! ልብስ ሰፊዋ ሲጠይቁሽ እንኳ "ደህና ናት" ብለሽ ዘጋሽው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ "ልጅቷን ስለ እናቷ አትጠይቋት፣ አንድ ነገር አለ" ሲባባል ነው የከረመው። እኔ እንኳ፣ እኔ! እንዳልጠይቅሽ ምላሴን ነክሼ ነው የኖርኩት!»

አክስቷ ሳቋ መጣባት። «አንቺን ዝም ያሰኘች የመጀመሪያዋ ሰው ናት፣ ልሸልማት ይገባል» አለች።

ልጅቷ አሁን ገባት። እሷ እነሱን አክብራ ዝም ስትል፣ እነሱም ለእሷ አዝነው ዝም ብለው ነበር። ሁለቱም ደግ ሆነው ሳይገናኙ ቀሩ። ነገሩ ሁሉ አሳቃት፣ ትንሽም አሳዘናት።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ። እትዬ ዳቦ ናቸው፣ ራሳቸውን በሻሽ ጠምጥመዋል።

«ያ በከፊል የታጠበ ራሴ እስካሁን ያሳክከኛል» አሉ። ልጅቷን በጎን አዩዋትና ወደ ራዲዮ ዞሩ። «አንቺ ነሽ ዛሬ የምታጥቢኝ።»

«እጄ ሥራ ላይ ነው እትዬ፣ ይታገሡኝ።»

አክስቷ የፎጣውን ቅርጫት በእግሯ ገፋ አድርጋ ጥግ አስያዘችውና ወደ ቀለሟ ተመለሰች።

ልጅቷ የጓሮውን በር አየች፤ ሳፋው እዚያ አለ፣ ፎጣም አይጠይቅም። ገንዳውንም አየች። ሄዳ ውሃውን ከፈተች። እስኪሞቅ በአንጓዋ እየለካች ጠበቀች። የሚጠየቅ ጥያቄ አልፈለገችም፤ ስለ ራሷ የምታወራውን ነው የፈለገችው።

«እትዬ» አለች። «ትናንት ማታ እናቴ ደወለችልኝ።»

እትዬ ዳቦ ሻሻቸውን መፍታት አቆሙ። ፊቷን መረመሩት፤ ክፉ ወሬ ይኖርበት እንደሆን ፈለጉ፣ አላገኙም።

«እህ?» አሉ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ወደ ገንዳው እያዘነበሉ። «ምን አለችሽ?»