የፓምፕ ተረኛው

ፍቅር እያሳሳቀ እንደ ውሃ ይወስዳል ይባላል። የቧንቧ ሠራተኛውን ግን የወሰደው እያስፈረመ ነው።

እሷ የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ናት። በየሳምንቱ መዝገቧን ታቅፋ በር እያንኳኳች የፓምፕ ተረኛ ታስፈርማለች። ታንከሩ ሲሞላ ፓምፑን ራሱ የሚያጠፋው ዕቃ ከተበላሸ ቆይቷል። ተረኛው ስድስት ፎቅ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ያስነሣል፤ ሲሞላም ሮጦ ያጠፋል።

«ኢንጂነር፣ ደግሞ አንተ ነህ?»

«የጎረቤቴ ወገብ ታሟል፤ ተራውን ወሰድኩለት።»

«ባለፈው የአስተማሪው ጉልበት ነበር። ይሄ ሕንፃ ሆስፒታል ሆነ እንዴ?»

እሱ ቀስ ብሎ ይፈርማል። ስሙን ለመጻፍ ይህን ያህል የሚቆይ ሰው የለም። እሷም አታቻኩለውም።

ማኅበሩ ለስብሰባ በተጠራበት ሳምንት የወሰደው ደግሞ የታላቅ ወንድሟን ተራ ነበር። ወንድሟ ደረጃ መውጣት አይወድም። ማኅበሩንም አይወድም።

የማኅበሩ ደንብ አጭር ነው፤ ቤቱን የሚለቅ ሰው በገባበት ዋጋ ለማኅበሩ ይመልሳል እንጂ ለገበያ አያቀርብም። ቧንቧ ሠራተኛና ልብስ ሰፊ መሀል ከተማ ጣሪያ ያገኙት በዚህ ደንብ ነው። አሁን ግማሹ ነዋሪ «ይሰረዝ» ይላል። ወንድሟ ደግሞ በተሰረዘ ማግስት ቤቱን ሸጦ፣ አልጋ ላይ የዋሉትን አባታቸውንና እሷን ይዞ ሩቅ አገር እንደሚገባ ምሎ ተናግሯል።

«ሠላሳ ለሠላሳ ነን» አለችው ደረጃው ላይ። «እኩል ከወጣን ደንቡ አይነካም። ከስብሰባው እንዳትቀር።»

«ካልሞትኩ በቀር እመጣለሁ።»

«ሞተህም ቢሆን ና!» አለችና ደነገጠች። እሱ ግን ቃሉን ሳምንቱን ሙሉ ይዞት ዞረ።

የስብሰባው ዕለት፣ ለሦስት ቀን የጠፋው ውሃ ከሰዓት በኋላ መጣ። እሱም ፓምፑን አስነሥቶ ወደ አዳራሹ ወረደ። ሳይሞላ ስብሰባው ያልቃል ብሎ ነበር፤ ሊቀ መንበሩ ግን መግቢያውን ብቻ አንድ ሰዓት ተናገሩት።

ወንድሟ ተነሣ። «የራሴን ቤት በራሴ ዋጋ ልሽጥ ማለት ነውር ነው?»

«በርካሽ ስትገባ ነውር አልነበረም!» አለች ልብስ ሰፊዋ። አዳራሹ ሳቀ።

ሳቁ ሳያልቅ ውሃ ከመስኮቱ ውጭ በግድግዳው ላይ ተንዠቀዠቀ። ታንከሩ ሞልቶ ፈሷል። ከታንከሩ ሥር፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ለብቻቸው የተኙ አሮጊት አሉ።

«ተረኛ! ማነው ተረኛ?»

እሱ እሷን አየ። ተቀመጥ የሚል ዐይን ብታሳየው ኖሮ ይቀመጥ ነበር።

«እማማ መነሣት አይችሉም» አለች፣ ድምጿ እየሰለለ።

ሮጠ። ፓምፑን አጠፋ፤ አሮጊቷን ከረጠበው አልጋ አንሥቶ ደረቅ ወንበር ላይ አኖረ። ሲመለስ ወንበሮች እየተነሡ ነበር። ሠላሳ ለሃያ ዘጠኝ፤ ደንቡ ተሰርዟል።

እሷ ቃለ ጉባኤ ትጽፋለች። ልብሱ እየተንጠባጠበ ፊቷ ቆመ።

«ትንሽ ብትጠብቂኝ ምን ነበረበት?»

«ቁጠሪ አሉኝ።»

«ብዕሬ ጠፋ ብትይስ?»

«ጥዬውም ነበር፤ ጠረጴዛው ሥር።» ቀና አላለችም። «ከዚያ ራሴው ጎንበስ ብዬ አነሣሁት። የድሮዎቹን ኮሚቴዎች ያባረርናቸው እየሸወዱ ሲቆጥሩ ይዘናቸው ነው። እኔም እንደነሱ ልሁን?»

የሚወዳትም ለዚሁ ነበር።

ቤቱ ወር ሳይሞላው ተሸጠ። ዕቃ ሲታሰር ደረጃው ላይ ጠብቆ «አግቢኝና ቅሪ» አላት።

«አባቴን ማን ያገላብጠዋል? ወንድሜ?»

«አባባንም እንውሰዳቸው።»

«እናትህና ሁለት እህቶችህ ባሉበት አንድ ክፍል?»

«እኔ ልከተልሽ እንዳልል...»

«አትበል። እነሱን ማን ያበላል?» እጁን ያዘች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

በመሄጃቸው ቀን መኪናው ታች ጥሩምባ ይነፋል። አባቷን ከአራተኛ ፎቅ የሚያወርድ ሰው ጠፋ፤ እሱ አዘላቸው። እንደ ሕፃን ቀለው ነበር።

«ወዴት ነው የምትወስደኝ፣ ልጄ?»

«ትንሽ ራቅ ይላል፣ አባባ።»

«አንተም ትመጣለህ፣ አይደል?»

ትራሳቸውን ታቅፋ ከኋላ የምትወርደው ልጃቸው እርምጃዋን ገታች። እሱም ቆመ። ዞሮ አላያትም፤ ትንፋሿን ግን ከኋላው ሰማው።

«አጥብቀው ይያዙኝ» አላቸው ለሽማግሌው፣ የቀሩትንም ደረጃዎች አንድ በአንድ ወረደ።