የድንቡሼ ዝምታ

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ፤ ከዚያ በላይ አላስቸግርዎትም» አለች ዳይሬክተሯ፣ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ እየገፋች።

የእንስሳት ሐኪሟ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ አነበበች። «በበረኪና ተመርዞ መሞቱን አረጋግጫለሁ» ይላል።

«ሟቹን ሳላየው ነው የማረጋግጠው?»

«ነገሩ ግልጽ ነው እኮ ዶክተር።»

«ግልጽ ከሆነማ ለምን ጠሩኝ?» ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው። «መጀመሪያ ሟቹን ያሳዩኝ።»

ሟቹ ድንቡሼ ነበር፤ ከጥንቸል የሚያንስ፣ ጅራት የሌለው፣ ቡናማና ነጭ ጊኒ ፒግ። መናገር የሚያዳግታቸው ሕፃናት በሚሠለጥኑበት በዚህ ማዕከል ከወንድሙ ከጉረኛው ጋር ሁለት ዓመት ኖሯል። ለሰው አንዲት ቃል የማትተነፍስ የሰባት ዓመት ልጅ ለእሱ ብቻ ታንሾካሹክለት ነበር። ረቡዕ ጠዋት በሽቦ ቤቱ ጥግ ተኮራምቶ ሞቶ ተገኘ። በማግስቱ ሐሙስ፣ የማዕከሉን ሥራ ሊያዩ እንግዶች ካሜራ ይዘው ሊመጡ ቀጠሮ ነበራቸው።

ገዳይ ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ የንግግር አሠልጣኙ «በረኪና ነው» አለ። ዳይሬክተሯ የሽቦ ቤቱን የምታጥበውን ጽዳት ሠራተኛ ግቢው መሀል አቁማ፣ ወላጆች እየሰሙ «አንቺ ነሽ የገደልሽው» አለቻት። ሴትዮዋ አሁን በረንዳው ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። አሥራ አንድ ዓመት ካገለገለችበት ቤት ዛሬውኑ ውጪ ተብላለች።

ሐኪሟ ሬሳው ወደተቀመጠበት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጓንቷን አውልቃ ስትወጣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። የሚያውቋት ሰዎች ይህን ይፈራሉ። ሌላው ሰው ሲቆጣ ይጮኻል፤ እሷ ስትቆጣ ድምፅዋ ይቀንሳል።

በረንዳው ላይ ከሴትዮዋ አጠገብ ቁጭ አለች። «የሽቦ ቤቱን በምን ነበር የሚያጥቡት እትዬ?»

«በሆምጣጤና በሙቅ ውሃ። በረኪና የመጸዳጃ ቤት ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ይህን መለየት ያቃታት ደንቆሮ አድርገውኝ ነው!» ቦርሳዋን በመዳፏ መታች።

«ሲሸና አይተውት ያውቃሉ?»

ሴትዮዋ ቀና አለች። ከጠዋት ጀምሮ ይህን የጠየቃት የለም። «ሲሸና ጀርባውን አጉብጦ ሲጥ ይል ነበር። የሆዱ ሥር ሁሌ እርጥብ ነው። ምንጣፉ ላይ ቀይ ጠብታ ማየት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ተናገርኩ። ‹ቀይ ሥር በልቶ ነው› ተባልኩ።»

«ጩኸቱ እስከ መጨረሻው ቆየ?»

«ቅዳሜ ጮኸ። ከሰኞ ጀምሮ ግን ጭጭ። ተሻለው ብዬ ተመስገን አልኩ። ግን ያው እንደ ጎበጠ ነው፤ ምግቡንም እያሸተተ ይተወዋል።»

ሐኪሟ «ጭጭ» የሚለውን ቃል ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ሁለቴ አሰመረችበት።

በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ ሁሉም ሻምበል ይሉታል፤ ጦር ሜዳ በሥዕል እንኳ አይቶ አያውቅም፣ ማዕረጉን ያገኘው በጢሙ ነው።

«የሚያበላቸው እርስዎ ነዎት አሉ። ምን ያበሏቸዋል?»

«አልፋልፋ፣ የከብት መኖው ነዋ! ከጓሮዬ በየማለዳው አንድ እቅፍ። ገና ኮቴዬን ሲሰሙ ያፏጩልኛል።»

«ቀይ ሥርስ?»

«በዚህ በር ገብቶ አያውቅም። እኔ ሳላያት ዝንብ አታልፍም።» ከዚያ ጢሙን ያዝ አደረገ። «ዶክተር፣ አልፋልፋው… እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት?»

«እርስዎ ወደውታል፤ የበደለው ሌላ ነው» አለችው።

የንግግር አሠልጣኙ ቢሮ በምስክር ወረቀት ተሞልቷል። ለሐሙስ የተዘጋጀው ትልቅ ፎቶ ከግድግዳው ተደግፏል፤ አሠልጣኙ ድንቡሼን ታቅፎ ፈገግ ብሎ።

«እኔ ሥራዬ ከልጆቹ ጋር ነው» አለ። «በዚህ ሳምንት ወደ እንስሳቱ ክፍል ዝር አላልኩም። ግን ያንገበግባል። ከሰኞ ጀምሮ እኮ ጩኸቱም ቆሞለት ደህና ሆኖ ነበር፤ ያቺ ሴት ባትመርዘው።»

«አመሰግናለሁ» ብላ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ያቺ የሰባት ዓመት ልጅ አሻንጉሊቷን ይዛ መሬት ተቀምጣለች። የአሻንጉሊቷን ጀርባ ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ በእርሳስ አፏን ትነካለች፤ ከፊት በኩል ሳይሆን ከከንፈሯ ጥግ፣ መድኃኒት እንደሚያጠጣ ሰው። ሐኪሟ ራቅ ብላ ቆመች። ልጅቷ ለአሻንጉሊቷ «አይዞህ፣ እስከ ሐሙስ ብቻ ቻለው» ስትል ሰማቻት።

ወደ ዳይሬክተሯ ተመለሰች። «የመድኃኒት ሣጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ አሠልጣኙ ጋ። እኔ ግን ካለፈው ዓርብ እስከ ትናንት ማታ ከከተማ ውጭ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ቁልፌም አብሮኝ ነበር።»

«እንግዲያው ሁሉንም ይጥሩልኝ።»

የተሰበሰቡት በልጆቹ ክፍል ነው። ወንበሩ ለልጅ የተሠራ በመሆኑ ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደረሰ። ጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ አልቀመጥም ብላ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ድንቡሼ አልተመረዘም» አለች ሐኪሟ። «በረኪና ቢሆን ምላሱና ጉሮሮው ይላጥ ነበር። አልተላጠም።» ሽምብራ የምታክል፣ ሸካራ ነጭ ጠጠር ከጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «የገደለው ይህ ነው። የሽንት ቱቦው ላይ ተሰንቅሮ ሽንቱን ዘጋው፤ ፊኛው ፈነዳ።»

«በሕመም ከሞተማ ጥፋተኛ የለም!» አለ አሠልጣኙ።

«ገና አልጨረስኩም። ጠጠር በአንድ ሌሊት አያድግም፤ እንደ አልፋልፋ ያለ ካልሲየም የበዛበት ምግብ ቀስ በቀስ ያጠራቅመዋል። የነዚህ እንስሳት ሽንት ነጭና ድፍርስ ነው፤ ሲደርቅ ኖራ ይመስላል። ቀይ ከሆነ፣ ሲሸኑ ከጮኹ፣ ከጎበጡ፣ የሆዳቸው ሥር ከረጠበ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄደው ራጅ መነሳት አለባቸው። ጠጠሩ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከዚያ አልፋልፋው ቀርቶ የሣር ድርቆሽ፣ ብዙ ውሃ፣ አረንጓዴ ቅጠል። እኚህ ሴት ምልክቱን አንድ በአንድ አይተዋል፤ ሦስት ሳምንት ተናግረዋል።»

ወደ በሩ ዞረች። «እትዬ፣ ‹ቀይ ሥር ነው› ያለዎት ማነው?»

«እሱ ነዋ!» አገጯን ወደ አሠልጣኙ ቀሰረች። «እዚያው አጠገቡ ቆሜ!»

«ቀይ ሥር ደግሞ እዚህ ግቢ ገብቶ አያውቅም፤ ሻምበል ምስክር ናቸው። አሁን ወደ ሰኞ እንምጣ። ጠጠሩ ሳይወጣ ጩኸቱ ቆመ። ሕመሙ እያለ ድምፁ ከጠፋ፣ ድምፁን ያጠፋው ሰው አለ። የድንቡሼ አገጭ ሥር ያለው ፀጉር ተጣብቆ ነበር። ሮዝ ነው፣ እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል፤ የሕፃናት የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ። ሽሮፑ ያለው የተቆለፈው ሣጥን ውስጥ ነው። ካለፈው ዓርብ ጀምሮ እዚህ የነበረው ቁልፍ አንድ ብቻ ነው።»

«ግምት ነው!» አሠልጣኙ ሊነሳ ሲል ትንሿ ወንበር መቀመጫው ላይ ተጣብቃ አብራው ተነሳች። ማንም አልሳቀም።

«ክፍሉ ዝር ካላልክ ከሰኞ ጀምሮ ጩኸቱ መቆሙን ማን ነገረህ?» ሐኪሟ ‹እርስዎ› ማለቷን ተወች። «‹እስከ ሐሙስ ብቻ ቻለው› ስትለው ደግሞ ብቻህን አልነበርክም። የሰማህን ሰው ስም አልጠራም፤ ልጅ ለምስክርነት አላቆምም።»

የአሠልጣኙ ፊት አመድ መሰለ። «ለልጆቹ ስል ነው… የታመመ እንስሳ ካለ ጉብኝቱ ይሰረዛል። ከሐሙስ በኋላ ላሳክመው አስቤ ነበር።»

«ለልጆቹ? ሕመሙን አላዳንክም፤ ያፈንከው ጩኸቱን ነው። መናገር በምታስተምርበት ቤት አንድ ነፍስ በሚያውቀው ቋንቋ አመመኝ ሲል አፉን ዘጋህበት። እሱ ሲሞት ደግሞ ጥፋቱን መልስ የላትም ባልካት ሴት ላይ ላከክህ።» ወደ ዳይሬክተሯ ዞረች። «እርስዎም ሳይጠይቁ አመኑት።»

ዳይሬክተሯ ለአሠልጣኙ እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን። ከዚያ ዕቃህን ሰብስብ።» ከዚያ ወደ በሩ ሄደች። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ነገ ሥራሽ ላይ ግቢ።»

ጽዳት ሠራተኛዋ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ገዳይ ያልሽኝ ጓዳ ውስጥ ነው እንዴ? ግቢው መሀል ነው። ይቅርታውም ግቢው መሀል ይሁን።»

ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ በር ላይ ተኮልኩለው ነበር። ዳይሬክተሯ መሀላቸው ቆማ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ስም ጠርታ ይቅርታ ጠየቀች። ሻምበል እንኳ ባርኔጣውን አወለቀ። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ራሷን አልነቀነቀችም። ከዚያ ገብታ ጉረኛውን በካርቶን ይዛው ወጣች።

«ዶክተር፣ ይኼኛውም ያንኑ አልፋልፋ ነው ሲበላ የኖረው። የራጅ ክፍሉ ሳይዘጋ እንሂድ።»

ክሊኒኩ ውስጥ ፊልሙ መብራት ላይ ሲሰቀል ሁለቱም ጠጋ ብለው አዩ። የጉረኛው ፊኛ ውስጥ እንደ ዱቄት የደቀቀ አሸዋ ተቀምጧል፤ ጠጠር ግን አልሆነም።

«በምግብና በውሃ ይታጠባል» አለች ሐኪሟ፣ ትከሻዋ ረገብ ብሎ። «በጊዜ ደርሰንለታል።»

«ለዚህኛው» አለች ጽዳት ሠራተኛዋ።