ያገባኛል

በላውንደሪው ሽማግሌው ያጥባሉ፣ አብራቸው የምትሠራው ወጣት ትተኩሳለች። ሽማግሌው ሕፃን ልጃቸውን አዝለው ከሀገራቸው ከተሰደዱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከእሱ ሌላ ዘመድ የላቸውም። እሷን «ልጄ» ይሏታል፣ እሷም «ጋሼ» ትላቸዋለች።

«የማታ ትምህርቱን ሊጨርስ ነው፤ ያኔ እኔም እግሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ» ይላሉ፣ ከቦክስ ክለቡ የመጣውን ደም የነካው ፎጣ እያሹ።

ልጁን ታውቀዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቱን ሊወስድ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ ሰላም ይላታል፣ ሌላ ነገር አይናገርም። እሱ በመጣ ቁጥር ግን እሷ አንዱን ሸሚዝ ሁለቴ ትተኩሳለች።

አንድ ቀን ልብስ አድራሹ ስለታመመ ፎጣውን ይዛ ወደ ክለቡ ሄደች። ቅንድቡ የተሰነጠቀ ወጣት ከመድረኩ ወርዶ ቀና ሲል ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ። እሱ ራሱ ነው።

«ለአባባ እንዳትነግሪያቸው። ቁስሉን ከሥራ ያመጣሁት ይመስላቸዋል።»

«ያንተን ደም እያጠቡ መሆኑን ያውቃሉ?»

ቅንድቡን በክንዱ ጠረገ። ትምህርቱን ካቋረጠ ዓመት ሆኖታል።

«ከወር በኋላ ትልቅ ግጥሚያ አለኝ። ከዚያ እነግራቸዋለሁ።»

«ሦስት ቀን እሰጥሃለሁ። በየቀኑ ፊታቸውን እያየሁ መዋሸት አልችልም።»

«አንቺን ምን አገባሽ?»

«ያገባኛል» አለች። የቃሉ ሌላ ትርጉም የታወቃት ከአፏ ካመለጠ በኋላ ነው። ፊቷ በርበሬ መሰለ፤ እሱ ደሙን ረስቶ ፈገግ ሲል ፎጣውን ጥላለት ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ተናገረ። በማግስቱ ሽማግሌው ዐይናቸው አብጦ ገቡ።

«ማንም እጁን እንዳያነሣበት ብዬ ነው ሀገሬን ጥዬ የመጣሁት። እሱ ግን ሄዶ ፊቱን ይሰጣል?»

አባትና ልጅ በአንድ ክፍል እያደሩ ሁለት ሳምንት ተኮራረፉ። እሷ ግን የዋዛ አልነበረችም። ልጁን ክለቡ በር ላይ ጠብቃ፣ «ቦክሱን ተው አላልኩህም፤ ትምህርቱን ግን ትጨርሳለህ» አለችው። ተከራከራት፤ ንቅንቅ አላለችም። በሳምንቱ የምዝገባ ወረቀቱን አመጣላት። ወስዳ ሽማግሌው ፊት ዘረጋችው።

«እሱ ድርሻውን ተወጥቷል፣ ጋሼ። እርስዎ ደግሞ ግጥሚያው ላይ መጥተው ይዩት።»

«ሲመታ ልየው?»

«ሲነሣ ይዩት።»

የግጥሚያው ዕለት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አዳራሹ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሽማግሌው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች መሬት መሬት እያዩ አሳለፉ። በሦስተኛው ልጁ ወደቀ። አዳራሹ ተንጫጫ። ሽማግሌው ብድግ ሲሉ ጥለው ሊወጡ መሰላት፤ እሳቸው ግን ወደ መድረኩ ተጠጉ።

«ተነሥ፣ ልጄ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ይስማ አይስማ እንጃ፣ ተነሣ። እስከ መጨረሻው ደወል ቆሞ ተፋለመ፤ በነጥብ ተሸነፈ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አባቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«ተሸነፍኩ፣ አባባ።»

«አየሁ። ቀኝ እጅህን ቶሎ ታወርዳለህ።»

ልጁ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ በተሰነጠቀ ከንፈሩ ሳቀ፣ ሳቁም ወደ ለቅሶ ዞረ። ሽማግሌው ራሱን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ቆሙ።

ሦስቱም በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ሳይታሰብ እርምጃቸውን አፈጠኑና ብቻቸውን ቀደሙ። አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አልዞሩም።

ልጁ ያበጠ እጁን ዘረጋላት። እንዳታሳምመው ጣቶቹን ብቻ ያዘች።