አዲሱ ቨርዥን የሰማው አሜን

መንፈስ ታየ፣ ድምፅ ተሰማ የሚባል ወሬ ሲጀመር ወንበሬን ገፍቼ የምነሣ ሴት ነኝ፣ ፍኖተ ሰላም መጥታችሁ ስንዱ ኤዲተሯ ብላችሁ ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ሠርግ ስቆርጥና ስቀጥል ኖሬያለሁ፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ቪዲዮ ላይ ያየሁት ጥላ ሁሉ ወይ የሌንስ ቆሻሻ ነው ወይ የካሜራማኑ ጣት፣ የሰማሁት ድምፅ ሁሉ ወይ ንፋስ ነው ወይ የላላ ገመድ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «ድሮም ለእንዲህ ያለ ነገር ጆሮዋ ክፍት ነው» እንዳትሉኝ ነው፣ አይደለም።

ነገሩ የመጣው ከአዲሱ ቨርዥን ጋር ነው። የምንሠራበትን የቪዲዮ ማቀነባበሪያ ፕሮግራም የሠሩት ሰዎች ዘንድሮ ከላይ እስከ ታች ለዋወጡት፣ ማሻሻል ብቻ ቢሆን ማን ይጠላል፣ ግን መቀሱ ከነበረበት የለም፣ ድምፅ የምናስተካክልበት ከታች ተነሥቶ ወደ ቀኝ ሄዷል፣ ስም የነበራቸው ቁልፎች ስማቸው ተገፎ ትንንሽ ሥዕል ሆነዋል። ከቡሬ እስከ ዱርቤቴ ያለን ኤዲተሮች አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለን፣ ያን ሰሞን ግሩፑ ለቅሶ ቤት ሆነ። አንዱ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብሎ ወደ ድሮው ተመለሰ። አንዷ የአዴት ልጅ «ቤቴ ገብተው ዕቃዬን አዘዋውረው ወጡ፣ ጨው የት እንዳለ እንኳ አላውቅም» ብላ ጻፈች፣ እኔም ከት ብዬ ሳቅሁባት፣ ከዚያ የራሴን ከፍቼ ሳየው ሳቄ ጠፋ። የቡሬው ሙሉሰው ብቻ፣ ሥራውን የማደንቀው አፉን ግን የማልችለው ሰው ነው፣ «አንድ ሳምንት ታገሡት፣ ከዚያ ትስሙታላችሁ» አለ። ስድብ ወረደበት፣ ከተሳደቡት አንዷ እኔ ነኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ጾም ገባ። በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም፣ የጥር ሠርግ ተከምሮ የሚቆረጠው ያኔ ነው፣ ስለዚህ እየተራገምኩም ቢሆን ተቀመጥኩበት። በአምስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ እጄ ሳላዝዘው መቀሱ ካለበት ሄደ፣ ያን ጊዜ ቀና ብዬ አየሁትና፣ አባቴ ይሙት፣ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ከበሮውን ለብቻ፣ ኪቦርዱን ለብቻ፣ የሰውን ድምፅ ለብቻ፣ ምስር ከጠጠር እንደሚለቅም ሰው ለይቶ ያስቀምጥላችኋል። ተናጋሪውን ሁሉ በቀለም ይለያል፣ አንድ ድምፅ አንድ ቀለም፣ ያ ሰው ከዚህ በፊት በሠራሁት በየትኛውም ሠርግ ላይ ተናግሮ ከሆነ ከሃርድ ዲስኩ ፈልጎ ያኔ የሰጠሁትን ስም ይለጥፍበታል። ዝምታውን ደግሞ ግራጫ ያደርግና አንዲት ቁልፍ ስትነኩ ጠራርጎ ያወጣዋል። ይህችን ቁልፍ ከሁሉ አስበልጬ ወደድኳት፣ የእኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ አንድ ቃል ይልና አሜን እስኪባል ይጠብቃል፣ ያስላል፣ ምራቁን ይውጣል፣ ያንን ሁሉ አንድ በአንድ በእጄ ስለቅም ነው ያረጀሁት። ለሙሉሰው «ይቅር በለኝ፣ የሠራው እጅ ይባረክ» ብዬ ጻፍኩለት፣ «ገና ምን አየሽ» አለኝ። ያኔ ነገሬም አላልኩት።

በዚያው ሳምንት ብርቱካን መጣች። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ፣ ጥር ላይ ሠርጓን የቀረጽኩላት ልጅ ናት፣ የአያ አለኸኝ የመጨረሻ ልጅ። የታላቅ እህቷንም ሠርግ ከስድስት ዓመት በፊት የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ያኔ እናታቸው እትዬ ይታይሽ በሕይወት ነበሩ፣ ብርቱካን ስትዳር ግን ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

«እትዬ ስንዱ፣ አባባ ሐኪም ቤት አልሄድም አሉ» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

«ምን ሆኑና?»

«ሰኞ ባህር ዳር ኦፕራሲዮን አላቸው፣ ሆዳቸውን። ሐኪሙ ከዚህ በላይ ከዘገዩ አደጋ ነው ብሏል። እሳቸው ግን ‹ምርቃቴ ተንጠልጥሎ ቢላዋ ሥር አልተኛም› ብለው ተቀመጡ።»

«ምን ሆኖ ተንጠለጠለ?»

«አሜን ያለ የለማ።»

እውነቷን ነው፣ እኔም ትዝ አለኝ። ሙሽሮቹ ጉልበት ስመው እንደተንበረከኩ አያ አለኸኝ ሲመርቁ ኪቦርዱ ድምፅ እየሞከረ ነበር፣ ወጣቱ ስልኩን ዘርግቶ ይቀርጻል፣ ስልክ የያዘ ሰው ደግሞ ድምፄ ይገባብኛል ብሎ አሜን አይልም፣ ብርቱካን ራሷ በእንባ ታፍና ነበር። ሽማግሌው እያንዳንዱን ቃል ብለው ይጠብቃሉ፣ ኪቦርዱ ይመልስላቸዋል።

«እንደገና ይመርቁሽ እንጂ» አልኳት።

«ብያቸው ነበር። ‹የሠርግ ምርቃት አንዴ ነው፣ ፈስሶ አይታፈስም› አሉኝ። ቪዲዮው ላይ አሜን ያለ አንድ ሰው እንኳ ካለ አሰሙኝና እሄዳለሁ ብለዋል። አንድ ሰው ፈልጊልኝ፣ በሞቴ። እኔ ነበርኩ ማለት የነበረብኝ። እሳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ገመና ልንገራችሁ፣ ከእኔ እንደሰማችሁ አታውሩ። የእኛ አገር የሠርግ ኤዲተር ሁሉ የእልልታ ፎልደር አለው። ሙሽራ ሲገባ እልል ያለ ከሌለ ከሌላ ሠርግ እልልታ አምጥተን እንለጥፋለን፣ ጭብጨባም፣ ሳቅም፣ አሜንም አለን። የእኔ ምርጥ አሜን የዱርቤቴ ነው፣ አገር ምድሩ በአንድ አፍ ያለው። «አንድ ሰው አይደለም፣ አገር አመጣልሻለሁ» አልኳት ብርቱካንን፣ ቀለል ብሏት ሄደች።

ዓርብ ተቀመጥኩበት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ገብቶ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው እንኳ ዘግቶ ሄዷል። የዱርቤቴውን አሜን ከአያ አለኸኝ ቃል ቀጥሎ አስቀመጥኩት፣ ገና እጄን ሳላነሣ ፕሮግራሙ ቀለም ቀባው፣ ከሥሩም «የሙሽራው አጎት፣ ዱርቤቴ» ብሎ ጻፈበት። ራሴ የሰጠሁት ስም ነው። ሰው የለም እኮ፣ ግን ፊቴ በኀፍረት ጋለ። አያ አለኸኝ ቀለሙን ባያዩት እንኳ የገዛ አገራቸውን አሜን አይስቱትም፣ ሞት ያሰጋውን ሰው በዱርቤቴ አጎት ልሸነግል ነው ማለት ነው። አጠፋሁት።

እንግዲህ ያለውን ላጽዳው ብዬ ኪቦርዱን ለይቼ አወጣሁ፣ የሽማግሌው ድምፅ ብቻውን እንደ ውኃ ጠርቶ ቀረ፣ ማድነቅ ይነሰኝ፣ በደረታቸው ላይ በሰካሁት ማይክ ትንፋሻቸው ሁሉ ይሰማል። ከዚያ ዝምታ መጥረጊያዋን ነካሁ። ግራጫው ሁሉ ሄደ፣ አንድ ቦታ ሲቀር። «ቤታችሁ የእናታችሁን ቤት ይምሰል፣ የመጣ እንግዳ ጠግቦ ይውጣ» ካሉ በኋላ ሰባት ሰከንድ ያህል ዝም ይላሉ፣ ያቺ ቦታ አልሄድ አለች። ደገምኩት፣ ሠለስኩት፣ አልሄደችም። ተጠግቼ ሳያት ግራጫ አይደለችም፣ አረንጓዴ ናት፣ ከሥሯም «የሙሽራዋ እናት» ይላል።

ብርቱካን ስትዳር እናት የለም ብያችኋለሁ። ያን ስም በዚያ ቤት የሰጠሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ተሳስቶ ነው ብዬ ስሙን ስነካው የስድስት ዓመቱ ሠርግ ተከፈተ፣ እትዬ ይታይሽ በር ላይ ቆመው «ግቡ፣ ግቡ እንጂ» እያሉ እንግዳ ያስገባሉ። ዘጋሁት። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ወደዚያች ሰባት ሰከንድ ተመለስኩ።

መጀመሪያ ምንም የለም። ድምፁን ከፍ አደረግሁ፣ ጨርቅ ከጨርቅ ሲነካካ የሚሰማ ሽው የሚል ነገር መጣ። ጥቂት ጨመርኩ፣ ትንፋሽ ሆነ፣ የሽማግሌው ትንፋሽ አይደለም፣ ቀጠን ያለ ነው። ከዚያ ዘግየት ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ የሴት ድምፅ «አሜን» አለ። ቀጥሎም፣ እግዜር ያውቃል አልጨመርኩበትም፣ «ጋቢዎን ይደርቡ እንጂ፣ ንፋስ ነው» አለ።

ማዳመጫውን አውልቄ ዞር ብዬ አየሁ፣ ለምን እንደዞርኩ አላውቅም፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ነው ያለው፣ ባዶውን። እስካሁን ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት፣ ምስሉን አላየሁትም ነበር፣ ፈራ ተባ እያልኩ ምስሉን ከፈትኩት። አያ አለኸኝ ቃላቸውን ጨርሰው ዝም ይላሉ። ወደ ግራቸው ዘወር ይላሉ፣ በግራቸው ማንም አልቆመም። ከዚያ ከትከሻቸው የወረደውን ጋቢ አንሥተው ይደርቡና ምርቃቱን ይቀጥላሉ። የቀረጽኩት እኔው ነኝ፣ በዚህ በዓይኔ፣ ያኔ ግን ሽማግሌ ጋቢውን ቢያስተካክል ማን ልብ ይላል።

የድሮው ቨርዥን ያለበትን አሮጌውን ኮምፒውተር አስነሣሁና ያንኑ ፋይል ከፈትኩ፣ የድምፁ መስመር እዚያ ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ነው፣ ምንም። ሙሉሰው ጋ ደወልኩ።

«አትፍሪ» አለኝ፣ «አዲሱ የጎደለ ድምፅ ሲያገኝ ከሚያውቀው ሰው ድምፅ ወስዶ ይሞላል ይላሉ።»

«እሺ፣ ጋቢውንስ?»

«የምን ጋቢ?»

ነገርኩት። «ነገውኑ ይዘሽላቸው ሂጂ» ብሎ ዘጋው።

ሄድኩ። አያ አለኸኝ መደብ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ፣ ከስተዋል፣ ብርቱካን እግራቸው ሥር ተቀምጣለች። ለሁለቱም ምንም አልነገርኳቸውም፣ እውነቱን ልናገር አፌ አልደፈረም። «አንድ ሰው አግኝቻለሁ፣ ያዳምጡ» ብዬ ብቻ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸውና አጫወትኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ያቺ ቦታ ስትደርስ እጃቸው ሳይታወቃቸው ተነሥቶ ጋቢያቸውን ደረበ።

«ማን ናቸው አባባ?» አለች ብርቱካን።

«እናትሽ ናታ» አሉ፣ ገበያ ስለወረደች ሴት እንደሚያወሩ። «እሷ ሁልጊዜም ሰው ሁሉ ካለ በኋላ ነው አሜን የምትል፣ ትዘገያለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «በዚያን ቀንም ሰምቻት ነበር ልጄ። እኔ ብቻ የሰማሁ መስሎኝ ጆሮዬን አላመንኩትም። መሣሪያሽ ከሰማማ ሰማ ነው፣ የሠራው ሰው ይባረክ።»

ብርቱካን ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ከኀዘን ይሁን ከፍርሃት አልለየሁትም። ሰኞ ባህር ዳር ሄዱ።

ከፋሲካ በኋላ ድነው፣ በምርኩዝ ግን ቀጥ ብለው፣ ሱቄ ድረስ መጡ። የደንበኛ ወንበር ብሰጣቸው «እዚህ ይሻለኛል» ብለው ከጎኑ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጡ። «እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ አይድከም፣ የሰው ደስታ ስትሰበስቢ የራስሽ አይቅርብሽ» ብለው መረቁኝ፣ እኔም ጎረቤት እስኪሰማ አሜን አልኩ። ግን አልተነሡም። ወደ ግራቸው፣ ወደ ባዶው ወንበር ዘወር ብለው ትንሽ ቆዩ፣ ፈገግ አሉ፣ ጋቢያቸውን ደረቡና «በይ ደኅና ሁኚ» ብለው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ምርቃት ላይ ዝምታ አልቆርጥም፣ ደንበኛ ቪዲዮው ረዘመ ብሎ ያኮርፋል፣ ያኩርፍ። ሙሉሰው እንዳለውም አዲሱን ቨርዥን ስሜዋለሁ፣ ወደ ድሮው ተመለሽ ቢሉኝ እሺ አልልም። አንድ ነገር ብቻ አለ። አያ አለኸኝ ሲገቡ ማይክ እየሞከርኩ ነበር፣ ማጥፋቱን ረሳሁት፣ ምርቃቱ ሁሉ ተቀርጿል። ፕሮግራሙ ከፋይሉ አጠገብ የተናጋሪዎቹን ቀለም ደርድሮልኛል፣ ሦስት ነው። ሱቁ ውስጥ የነበርነው ሁለት ሰዎች ነን። ፋይሉን እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም።