ትንሿ ክፋይ

ሌባው ምንም አልወሰደም። ዊንዶውስ ጭኖ ሄደ።

ገብረየስ የጠዋቱን የስኩል ባስ ዙር ጨርሶ ሬይኖልድስበርግ ወዳለው ቤቱ ሲገባ የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። ወደ ቤዝመንት ወረደ። ካሜራዎቹ መደርደሪያው ላይ ናቸው። ሌንሶቹም አሉ። በትርፍ ሰዓቱ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብርበት ኮምፒውተር ግን በርቷል፤ ስክሪኑ ከካርቶን እንደወጣ አዲስ ዕቃ ቋንቋና አገር ምረጥ ይላል።

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ድንጋጤ ይመጣ እንደሆነ ጠበቀ። አልመጣም። ልጁ ዮአብ ሐይቅ ውስጥ ሰጥሞ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ነው፤ ነገር ይደርስበታል እንጂ አይነካውም።

ፖሊስ ኮል አደረገ። የመጣችው ወጣት ፖሊስ ቤቱን ዞራ አየች።

«ምን ተሰረቀ?»

«የልጄ ቪዲዮ።»

«ኮምፒውተሩ እዚህ አይደል እንዴ?»

«እዚህ ነው።»

ፖሊሷ ምን ብላ እንደምትመዘግብ ግራ ገባት። «የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

ሁለት ሰው ነበረው። አንዱ ጎሳዬ ነው፤ ሠርጉን ቀርጾለት፣ ትዳሩ ሲፈርስ ቪዲዮውን አጥፋልኝ ብሎ ደጋግሞ የለመነው። ሌላው ሊንደን ውስጥ ስቱዲዮ ያለው ለማ ነው፤ ደንበኞቼን ነጠቅኸኝ ብሎ ሰላምታ ከነሳው ቆይቷል። ፖሊሷ ሁለቱንም ስም ይዛ ሄደች።

ገብረየስ ራሱ ለጎሳዬ ደወለ።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ኢንዲያና፣ ትራክ ላይ ነኝ። ምነው?»

«ቤቴ ሰው ገብቶ ኮምፒውተሬ ላይ ያለውን አጥፍቶታል።»

«ሠርጌም ጠፋ?» አለ ጎሳዬ።

«ገና አላወቅሁም።»

«ካልጠፋ ላክልኝ፤» አለ ጎሳዬ። ድምፁ ወርዶ ነበር። «አጥፋልኝ ያልኩት ተናድጄ ነው።»

ቅዳሜ ዕለት ኮምፒውተሩን ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ወደሚገኘው የጁነዲን ጥገና ሱቅ ወሰደው። ጁነዲን ለረጅም ጊዜ ስክሪኑ ላይ አቀረቀረ።

«ጋሼ፣ ዲስኩን ስንት ቦታ ነበር የከፈልከው?»

«ሦስት። አንዱ ለዊንዶውስ፣ ትልቁ ለሠርጎቹ፣ ትንሿ ለዮአብ።»

«ሠርጎቹ በሙሉ አሉ። አልተነኩም።» ስክሪኑን አዞረለት። «ዊንዶውስ ያለበትን ክፋይ ፎርማት አድርጎ እንደ አዲስ ጭኖበታል። ትንሿን ዲሊት አድርጓታል። አሁን ባዶ ቦታ ናት።»

እንግዲህ ጎሳዬ አይደለም። ለማም አይደለም፤ ለማ ቢሆን ሠርጎቹን ነበር የሚያጠፋው።

«ለምን ዊንዶውስ ይጭናል?» አለ ገብረየስ። «ፋይሉን ከፍቶ ማጥፋት ሲችል?»

«ፓስወርድህን አያውቅማ። ኮምፒውተሩን ከፍላሽ ካስነሳኸው ግን ፓስወርድ የሚባል ነገር የለም። የት ላይ ልጫን ብሎ ክፋዮቹን ይደረድርልሃል፤ ያሻህን ታጠፋለህ። ግን ውስጣቸው ምን እንዳለ እዚያ ላይ አይታይም፤ የሚያሳይህ መጠናቸውን ነው።» ጁነዲን ቀና አለ። «ትንሿ የዮአብ መሆኗን ማን ያውቃል?»

ባለቤቱ እናናዬ ታውቃለች። እሷ ግን ፓስወርዱንም ታውቃለች።

ከቀብሩ በኋላ ዲስኩን ሲከፍል አጠገቡ የተቀመጠችው ልጁ ማራናታ ነበረች። ለዮአብ ስንት እንስጠው ብሏት ነበር። «ትንሽ ይበቃዋል፤» አለችው ያኔ። «ከእንግዲህ አይጨምርም።»

«ይመለሳል እኮ፣ ጋሼ፤» አለ ጁነዲን። «ባዶው ቦታ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። የጠፋው አጥሩ ነው፤ ቪዲዮዎቹ እዚያው ናቸው። ልመልሰው?»

«ቆይ።»

ማራናታ ክፍሏ ውስጥ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በሩ ላይ ቆመ።

«አንቺ ነሽ?»

«የስ።»

«የጓሮውንስ በር ከፍተሽ የተውሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ማሚ ለሙት ዓመቱ የሐይቁ ቪዲዮ አዳራሽ ውስጥ ይታይ አለች።» ዓይኗን ከግድግዳው አላነሳችም። «ከሥራ በመጣህ ቁጥር ትከፍተዋለህ። ክፍሌ ከቤዝመንቱ በላይ ነው፤ ይሰማኛል። ቪዲዮው ላይ ‹ማራናታ፣ ወንድምሽን እዪ› ትላለህ። ከዚያ እኔ ‹አይ ጎት ሂም› እላለሁ።»

ይዤዋለሁ፣ እየጠበቅሁት ነው ማለቷ ነበር።

«ያን ሰው ሁሉ ፊት ልሰማው አልችልም፣ ዳድ።»

ገብረየስ ያንን ቪዲዮ ስንቴ እንዳየው አያውቅም። ይሰማ የነበረው የዮአብን ሳቅ ብቻ ነበር። የልጅቷ ድምፅ በጆሮው እያለፈ ኖሯል።

መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ከዚያ በኋላ ቪዲዮው ላይ ምን አለ?»

«ዳንስ። ሰዎቹ ዛፉ ሥር ሲጨፍሩ።»

«ካሜራውን ወደ ዛፉ ያዞረው ማን ነው?»

ራሱ መለሰ።

«እኔ ነኝ። አባቱ ነኝ፤ ውኃው ዳር ቆሜ ጭፈራ እቀርጽ ነበር። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

«ዛሬ ነው የምትነግረኝ፤» አለች ማራናታ። ድምፅዋ ቁጣም ለቅሶም አልነበረውም። ተነሥቶ ወደ ሳሎን ሄደ።

እናናዬ ከዌርሃውስ ሥራዋ ተመልሳ ሳሎን ውስጥ ልብስ ታጥፋለች።

«ሌባው ተገኘ?» አለችው።

«ተገኘ። ማራናታ ናት።»

እጇ ቆመ። ሁሉንም ነገራት። ሲጨርስ የቀረውን ጨመረ፤

«ያን ቀን አንቺ ሥራ ላይ ሆነሽ ስደውልልሽ፣ ዮአብ ከማራናታ ጋር ነበር አልኩሽ።»

«አዎ።»

«እኔም ነበርኩ። ካሜራ ይዤ።»

እናናዬ የያዘችውን ሸሚዝ አጥፋ ከሌሎቹ ላይ አስቀመጠች።

«ቪዲዮ አለ ስትለኝ ነው ያወቅሁት፤» አለች። «ካሜራ ብቻውን አይቀርጽም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ እስክትናገር። አዳራሽ ይታይ ያልኩትም ለዚያው ነው። ልጅቷን እንደሚጎዳት አላሰብኩም።» ፊቷን በመዳፏ አበሰች። «ጁነዲን ይመልሰው። አዳራሽ አይሄድም። ማራናታ ማየት ስትችል፣ ሦስታችን እዚሁ እናየዋለን።»

እናናዬ ተነሣች።

«ልጅቷ ምሳ በልታለች?»

ገብረየስ አሰበ። «አላውቅም።»

«ጥራት።»

ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠራት። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። ደግሞ ጠራት፤ የክፍሏ በር ተከፈተ።