ሳይደርስ «መጣ» የሚለው መብራት

«እጅሽን አንሺ አልኩሽ!» ብሎ አምባረቀ የካምፑ መካኒክ ኡስታ ታከለ።

ሣህሊቱ አላነሳችም። መዳፏን ከፓምፑ መቆጣጠሪያ ማብሪያ ላይ ለጥፋ ቆመች። እጇ ወይ ፍንክች!

ከኋላዋ ጄሪካን የያዘው ሰልፍ እህል እስከሚታደልበት ድንኳን ድረስ ተዘርግቷል። በዚያ በሰባ ሰባቱ የረሃብ ዓመት፣ ሱዳን ውስጥ ከዶካ ወዲያ ያለው የስደተኞች ካምፕ የነበረው አንድ ጉድጓድና አንድ ፓምፕ ብቻ ነው። የፓምፑ ሞተር ከተቃጠለ ስምንት ቀን ሆኖታል። ስምንት ቀን ሙሉ ሰው የኩሬ ጭቃ ሲጠጣ ሰንብቶ፣ ተቅማጡ ሕፃናቱን ይጨርሳቸው ጀመር። ትናንት ከገዳሪፍ አዲስ ሞተር መጣ። ይኸኛው ከተቃጠለ ሌላ የለም።

«ይህም ሞተር ይቃጠላል» አለች ሣህሊቱ። «ሳጥኑ ይዋሻል!»

ሳጥኑ ታከለ ራሱ የገጠመው መቆጣጠሪያ ነው። ውስጡ ጥፍር የምታህል ጥቁር ቺፕ አለች። ሥራዋ ከጄነሬተሩ ኃይል መምጣቱን አይታ አረንጓዴ መብራት ማብራት፣ ፓምፑንም ማገናኘት ነው። ሰዉ መብራቱን ሲያይ እልል ይላል። ሣህሊቱ ግን ጎንደር ሬዲዮ ጠጋኝ ከነበረው ከሟቹ አባቷ ሥር ያደገች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ሞተሩ የተቃጠለ ዕለት ቆማ አይታለች። ጄነሬተሩ ገና እየሳለ፣ ኃይሉ ሳይሞላ፣ መብራቱ ቦግ አለ። ፓምፑ በዚያች ሽርፍራፊ ኃይል መዞር አቅቶት እያጓራ ነደደ።

ይህንኑ ለታከለ ለብቻው፣ በአክብሮት ነግራው ነበር።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ነበር መልሱ። «የገዳሪፍ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ያለ እኔ ደብዳቤ አይፈትንሽም። ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?»

እንዴት አትፈልግ! ከዚያ ካምፕ መውጫ በሯ እሱ ብቻ ነበር። ሁለት ቀን ዝም አለች። ዛሬ የሰልፉን ርዝመት ስታይ ግን ዝምታው አነቃት።

«ያ ሣህሊቱ፣ ኸላስ፣ በቃ ተይው!» አለች ሱዳናዊት ጓደኛዋ ሂያም እጅጌዋን እየጎተተች። «ደብዳቤሽስ?»

«ይቅርብኝ!»

የውሃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ሼህ አደም ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ መጡ። «ምንድን ነው ነገሩ፣ ልጄ?»

«አባባ፣ የፓምፑ ገመድ ይነቀል። ከዚያ ጄነሬተሩን በእጅ ብቻ ያዙሩት። ሳይነሳ መብራቱ ካልበራ እኔ ውሸታም ነኝ፣ ሰው ሁሉ ይትፋብኝ!»

«ደግሞ ይቺ ልታስተምረኝ!» ብሎ ሳቀ ታከለ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» አሉ ሼሁ። «ንቀሉት።»

ሁለት ጎረምሶች ማዞሪያ ብረቱን ያዙ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ጄነሬተሩ ትፍ ትፍ አለ እንጂ አልተነሳም። መብራቱ ግን ቦግ! ሳጥኑም «ቀጭ» አለ፤ ገመዱ ባይነቀል ፓምፑን አገናኝቶት ነበር።

ሰልፉ ወደ ሳጥኑ ተጠጋ። አንዲት እናት፣ «ለዚህ ነው ስምንት ቀን ጭቃ ያጠጣኸን?» አለችው። ታከለን ላብ አጠመቀው።

ሣህሊቱ ሳጥኑን ከፈተች። ከተሰበሩ ሬዲዮኖች የነቀለቻቸውን ሁለት ትንንሽ ዕቃዎች ከሻሿ ጫፍ ፈታች።

«ይቺ ዜነር ትባላለች» አለቻቸው ለሼሁ። «ኃይሉ ከልኩ ካልደረሰ ለቺፗ አታሳልፍም። ይቺ ካፓሲተር ደግሞ እንደ እንስራ ቀስ ብላ ነው የምትሞላው። እሷ እስክትሞላ ቺፗ ‹መጣ› አትልም።» ብረት በከሰል አግላ በየደቻቸው።

ገመዱ ተመለሰ፣ ጄነሬተሩ ተነሳ። መብራቱ አልበራም።

«አበላሸችው!» ብሎ ጮኸ አንዱ። «በቃ በእጅ ይገናኝ! ገለል በይ!» ሰዉ ተገፋፍቶ መጣ።

ሣህሊቱ ጀርባዋን ለሳጥኑ ሰጥታ እጆቿን ዘረጋች። «ማንም አይነካውም! ስምንት ቀን የጠበቀ ሰው አሁን ትንሽ መታገሥ ያቅተዋል?»

ጄነሬተሩ ሳለ፣ ተንገዳገደ፣ ቀስ በቀስ ድምፁ ረጋ። ያኔ «ቀጭ» አለ፣ አረንጓዴው በራ። ቧንቧው መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ዝገት፣ ከዚያ ውሃ ተፋ። እልልታው ቀለጠ። ሣህሊቱ እንባዋ መጣ፤ ማን ሊያያት፣ የሁሉም ዓይን ውሃው ላይ ነው።

ታከለ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ደብዳቤውን ዛሬውኑ እጽፍልሻለሁ። ነገሩ ግን ከዚህ ካምፕ እንዳይወጣ።»

«ለምን?»

ታከለ የመሣሪያ ከረጢቱን አነሳ። ዓይኑ ወደ ሌላው ካምፕ፣ ወደ መፋዛ መንገድ ሸሸ።

«እርስዎ እዚያም እንዲህ ያለ ሳጥን ገጥመዋል፣ አይደል?»

ታከለ አንገቱን ደፋ። ሣህሊቱ ወደ ሂያም ዞረች።

«ወደ መፋዛ የሚሄድ ሎሪ መቼ ነው?»

«ነገ ጠዋት። ግን ፈተናሽ እኮ ነገ ነው! ደብዳቤውን ልስጥሽ እያለ፣ አበድሽ እንዴ?»

ሣህሊቱ የመበየጃ ብረቷን በጨርቅ መጠቅለል ጀመረች።

«እናንተ ቤት» አለች፣ «የተሰበረ ሬዲዮ አለ?»